የሳሮን እንጥል

«እግሯን የምትይዢው አንቺ ነሽ» አለቻት እናቷ፣ ፌጦ እያነፈሰች። ድምፅዋ ጨው አልቋል የሚል ሰው ድምፅ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ሲልጥ የነበረው የቆንጅት እጅ ብቻ ቆመ። የማንን እግር ብላ አልጠየቀችም። በዚያ ቤት ሌላ ሰው የሚይዝላት እግር ያላት አንዲት ፍጥረት ብቻ ናት፤ እሷም ከመጋረጃው ማዶ እናቷ ጡት ሥር ተሸጉጣ ተኝታለች። ሳሮን ሦስተኛ ወሯን እንኳ አልደፈነችም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ጓንጉል ይመጣል» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያቺ እናቷ ያኔ ፈተናዋ ላይ ናት። እስክትመለስ ደሙም ይደርቃል፣ ልቅሶውም ያልፋል። እኔ ጭንቅላቷን፣ አንቺ እግሯን። እንጥሏን በጊዜ አስቆርጠን እንገላገል። በይ አሁን፣ እናቴ ትሙት በይ።»

«ለምኑ?»

«ለዚያች እንዳትነግሪ። እናቴ ትሙት፣ አልናገርም በይ።»

ቆንጅት ትሙት የምትባለዋን እናቷን አየቻት። ስልሳን አልፋለች፤ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ክንዷ ዘነዘና ሲያነሳና ሲጥል የኖረ ክንድ ነው፣ ዛሬ ሌሊት ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ስማ በእግሯ ተመልሳለች። «እናቴ ትሙት» አለች ቆንጅት። እትዬ ሸዋነሽ ደስ ብሏት ወደ ፌጦዋ ዞረች።

እትዬ ሸዋነሽ በሽታን እደጁ ድረስ ሄዳ የምትደበድብ ሴት ናት። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው፣ በእሷ አባባል፣ ቤቱን ሳይዘጋ ተኝቶ ተሰረቅኩ የሚል ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ጎህ ሳይቀድ ማንም ከአልጋው ከመውረዱ በፊት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ተወቅጦ በሙቅ ውኃ የተበጠበጠበት የቆርቆሮ ኩባያ ይቀርብለታል። አልፈልግም የሚባል ቃል የለም። ልጇ ሙሌ ትንሽ ሳለ በሁለት ጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ አፍንጫውን ትይዘውና አየር ፍለጋ አፉን ሲከፍት ታፈስበት ነበር። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱን አልፎ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ኩባያውን ሲያይ አፉን ራሱ ይከፍታል። ኮሶ በየሁለት ወሩ ነው። ቆንጅት ባለፈው ኅዳር ጨጓራዬን አቃጠለኝ ብላ ኩባያውን መለሰች፤ ኩባያው ግንባሯ ላይ ተመለሰ። እናቷ ወዲያው ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች፣ ማር ቀባች፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳች አየችላት። ቁስሉ መግል ሳይዝ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የልጇን ግንባር ወደ ብርሃን እያዞረች «በማር ብቻ ነው ያዳንኩት፣ እይው» ትላለች። በምን ተፈነከተች ብሎ የጠየቀ ደንበኛ እስከ ዛሬ የለም።

ሙሌ ኤልቤቴልን ከትውልድ ከተማዋ ከገደብ ሲያመጣት እቤቱ ውስጥ ሁለተኛ የመከላከል ሠራዊት ገባ። ኤልቤቴል የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ትራስዋ ሥር የምታኖር፣ ልጇን ሊስም የመጣን ሰው ሁሉ በሳሙና እጅዎን የምትል፣ እስከ ስድስት ወር ውኃ እንኳ አይሰጣትም ብላ የተገዘተች ልጅ ናት። ሳሮን በተወለደች በሳምንቷ እትዬ ሸዋነሽ ቅቤ ልታውጣት ጣቷን ስትዘረጋ፣ ኤልቤቴል ከአልጋዋ ሳትነሳ የአማቷን አንጓ ያዘች። እየተያዩ ቆዩ፣ ቅቤው ከጣቷ ላይ ቀልጦ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። በማግስቱ አንሶላውን ቆንጅት አጠበችው። በዚያ ቤት ነገር ሲፈስ የምታጥበው ቆንጅት ናት።

ጨርቅ ማጠቡ ነው ነገሩን ያከበደባት። ዓምና ከጀርባቸው የሚኖሩት ሰዎች ልጃቸውን ጋሽ ጓንጉል ዘንድ አስቆርጠው ነበር። ልጁ አመሻሹ ላይ ደም መትፋት ጀመረ፤ ሌሊቱን ሲተፋ አደረ፤ ጠዋት የሚተፋው አለቀ። ሰፈሩ ዐይን ነው አለ። እናቱ ራሷን ስታ ስለነበር ጨርቆቹን ቆንጅት ወደ ለገዳራ ወንዝ ወሰደቻቸው፤ ውኃው ጥርት እስኪል ብዙ ቆየ። ለእናቷ ይህን ብታነሳ መልሷን ታውቀዋለች። ከሙሌ በፊት ወልደዮሐንስ የሚባል ወንድም ነበራት። በስምንት ወሩ ጉሮሮው አብጦ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ እናቷ ጣቷን አፉ ውስጥ እንደከተተች ሞተ። ጾሙ ይውጣና አስቆርጠዋለሁ ብላ ዘግይታበት ነበር። እትዬ ሸዋነሽ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የማንም ልጅ ሲስል ከሰማች ቆማ እስኪጨርስ ታዳምጣለች። እንዲህ ያለችን ሴት ተሳስተሻል ማለት አይቻልም። ቆንጅትም ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሱቃቸው ከገበያው አፍ ላይ ያለ ኮንቴይነር ሲሆን ከበሩ በላይ «ከመታከም መከላከል» የሚል ሸራ ተወጥሯል፤ ከስሩ የእትዬ ሸዋነሽ ስልክ አለ። ቆንጅት ከፍታ ጥቁር አዝሙዱን፣ እርዱን፣ የሺፈራው ቅጠል ዱቄቱን ደረደረች። ነጭ ሽንኩርት በኪሎ አራት መቶ ገብቷል፤ ደንበኛ ዋጋውን ሲሰማ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ መንግሥትን ይሰድባል፣ በመጨረሻ ግማሽ ኪሎ ይገዛል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንደሰካ መጣ።

«ሲስቱ፣ ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር አለሽ? ኤግዛም ደርሶ ሰውነቴ ዳውን ሆኗል።»

«እንቅልፍ ተኝተሃል?»

«እንቅልፍማ ተወዷል እኮ።»

«ዝንጅብሉ ከእሱ ይረክሳል» አለችና መዘነችለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጁ ከሄደ በኋላ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ከሱቁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ጤና አዳምና ዳማከሴ የምትሸጠው አልጣሽ ናት። አልጣሽ የከተማውን ወሬ ከቅጠሉ ጋር አስራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ወሬውን ምርቃት ነው የምትሰጠው። «ጋሽ ጓንጉል ዛሬ እናንተ ጋ ነው አሉ» አለች ቀና ሳትል።

«ማን አለ?»

«ራሱ። አሁን ጤና አዳም ገዝቶኝ ሄደ፤ ምላጩን የሚያሽበት። መቼም ንጽሕናው ላይ አይታማም። የልጄን ልጅ ሊቆርጥ የመጣ ጊዜ አታስታውሺም? ምላጩን ሲስል የገዛ ጣቱን ጫረው። ጠብ ያለችው አንዲት ጠብታ ናት። ወዲያው ጠቅልሎ ተነሳ። የሌላ ሰው ደም የቀመሰ ምላጭ የሕፃን አፍ አይገባም አለ፤ ሦስት ቀን ከጤና አዳም ጋር ይቀበራል።»

«በሌላ ምላጭ አይሠራም?»

«የአባቱ ነው እኮ፤ አባቱም ከአባቱ። በሌላ ቢቆርጥ እጁ ይሰንፍበታል ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ቆረጠ፤ ምን ይሆናል?» አለችና አልጣሽ ቅጠሏ ላይ ውኃ ረጨች።

ይህን እያወሩ ከቡና ተራ በኩል ሌባ የሚል ጩኸት ተነሳ። አንድ ቀጭን ሰው በሰዎች መሃል እየተላተመ መጣና ልክ ከሱቁ ፊት ወደቀ። ስልክ ሰርቋል። ስልኩን ወዲያው ተቀብለውታል፤ ድብደባው ግን ለስልኩ አልነበረም። ባለባጃጆች በርግጫ፣ ተሸካሚዎች በገመድ ያዙት። ማዶ ዝንጅብል የምትመዝን ሴትዮ ሚዛኗን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኑራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰዉን በክርኗ ገፍታ ገባችና በጫማዋ ሁለቴ አፉን መታችው። ከዚያ ተመልሳ ሚዛኗን አነሳችና «እና ምን ያህል አልሺኝ?» አለቻት ደንበኛዋን። ሰውየው ጥርሱን ከአፈሩ ውስጥ በእጁ ሲፈልግ ቆንጅት አየችው። አልጣሽ አንድ እስር ጤና አዳም ቀነሰችና ለቁስሉ ብላ ወረወረችለት። በነጻ።

ቆንጅት ኮንቴይነሩን ዘግታ ወደ ሙሌ ሄደች። ወንድሟ የሚሠራው ከዋናው አስፋልት ወረድ ብሎ ባለ የቡና መጋዘን ነው፤ ከይርጋጨፌ የመጣ ጭነት ሲራገፍ ቆሞ ይቆጣጠራል። ስታየው ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ። ያኔ ገባት።

«ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ምሳ የማልመጣው።»

«ልጅህ እኮ ናት ሙሌ። የዓምናውን ልጅ ረሳኸው? ለኤልቤቴል ንገራት። እኔ ምያለሁ፣ አንተ አልማልክም።»

«ኤልቤቴል ብትሰማ ትገድለኛለች። እማዬ ደግሞ ነገራት ብትባል ትገድለኛለች።»

«ሳሮንስ?»

ሙሌ ክንዷን ይዞ ከጆንያ ክምሩ ጀርባ ጎተታት። ጎትቶም አላቆመ፤ አገጯን በመዳፉ ጨብጦ ጀርባዋን ከጆንያው ጋር አላተማት። ጫኞቹ አዩና ጆንያቸውን ቆጠሩ። «ስሚ ቆንጂ፤ ያልወለደ ሰው ልጅ አያስተምረኝም። እይው፣ እይ!» ብሎ የራሱን አፍ ከፍቶ ጎንበስ አለላት። ቆንጅት አየች። ሁለት የበሰበሱ መንጋጋዎች አየች፤ ከኋላ ጉሮሮው ባዶ ነው፣ ምንም አልተንጠለጠለበትም። «የለም አይደል? ተቆርጫለሁ። ይኸው አለሁ። ምን ጎደለኝ?» አላት። የጎደለውን ለመዘርዘር ጊዜ አልነበራትም። ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ ነው።

ቤት ስትደርስ ኤልቤቴል ፀጉሯን ተሠርታ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ከመውጣቷ በፊት ሕፃኗን ለመጨረሻ ጊዜ እያጠባች ነበር። የእትዬ ሸዋነሽ ሳሎን ጠባብ ነው፤ ቡፌው፣ ሶፋው፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የዳማከሴና የጤና አዳም እስሮች ሰውን ወደ መሃል ይገፉታል። ጓዳው በር ላይ እናቷ ሙቀጫውን በእግሮቿ መሃል አድርጋ ዝንጅብል ትወቅጣለች። ዘነዘናው በወደቀ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

«እትዬ ቆንጂ፣ ያለብኩት ወተት በኩባያ ተከድኗል» አለች ኤልቤቴል። «ብታለቅስ በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ማንኪያውን ቀቅዬዋለሁ። አደራ።»

ዘነዘናው ቆመ። ቆንጅት አፏን ከፈተች። እናቷን ሳታያት የእናቷን ዐይን አንገቷ ላይ አገኘችው። «እሺ» አለች። ዘነዘናው ቀጠለ። ኤልቤቴል ሕፃኗን አቀበለቻትና ወጣች፤ የባጃጁ ድምፅ እስኪርቅ ቆንጅት ሳሮንን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሕፃኗ ጠግባ ነበርና ሳቀችላት፤ ጥርስ የሌለው፣ ሙሉ፣ እስከ ጉሮሮ የሚታይ ሳቅ።

ጋሽ ጓንጉል ሰዓት አክባሪ ነው። ኮቱን ለብሶ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ መጣ። ዋና ሥራው ወጌሻነት ነው፤ ወለምታ ያሻል፣ ስብራት ይጠግናል፣ በዚያ ማንም አይከሰውም። «የሸዋነሽን ቤት ሲገቡ እኮ ሳንባ ይከፈታል!» አለ የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች እያሸተተ። ከኮሮና ወዲህ የእጅ ማጽጃ ይዞ ይዞራል፤ ከጠርሙሱ መዳፉ ላይ አፍስሶ እጆቹን እስከ ክርኑ አሸ፤ ከዚያ በዚያው እጅ አፍንጫውን ጠረገ። ከጨርቅ ውስጥ አንድ ማንኪያ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ፣ አንድ ጫፉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ አጭር ምላጭ አወጣ። ምላጩን በጤና አዳም አሸው፣ አረቄ አፈሰሰበት፣ የተረፈውን አረቄ ራሱ ጠጣው።

«ሐኪሞቹ ክልክል ነው ይላሉ» አለ ለቆንጅት። «ክልክል ከሆነ ሰው ለምን ይጠራኛል? እጄ አፏ ውስጥ ከገባ ደግሞ ድዷንም እናያለን። ግግ ካላት አብሮ ይወጣል።»

በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚገባበት፣ አጎዛ ተነጠፈ። እናቷ ተንበርክካ የሳሮንን ጭንቅላት በሁለት ጉልበቶቿ መሃል አደረገችና ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ቆንጅት እግሮቿን ያዘች። ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ እጇ ይገባሉ፣ ተረከዛቸው መሬት ረግጦ የማያውቅ። ወልደዮሐንስ የሞተ ዕለትም እግሩን ይዛ ነበር፤ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ያወቀችው እሷ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም። ጋሽ ጓንጉል ማንኪያውን ሕፃኗ አፍ ውስጥ አስገብቶ ምላሷን ተጫነ። ሳሮን ጮኸች፤ ጩኸቱ ማንኪያው ላይ ታንቆ ወደ ማጓራት ተለወጠ፣ እግሮቿ በቆንጅት እጅ ውስጥ እንደ ዶሮ ተንፈራገጡ። «በርቺ የኔ ልጅ፣ በርቺ የኔ እመቤት» ትላለች እትዬ ሸዋነሽ፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይወርዳል፣ ጉልበቶቿ ግን አልላሉም። ምላጩ መጣ።

ቆንጅት እግሮቹን ለቀቀች። ምላጩ የሕፃኗ ከንፈር ላይ ሲደርስ እጇን ሰንዝራ ስለቱን በመዳፏ ጨበጠችው፤ ባጃጅ ላይ የወጣ ሰው ብረቱን እንደሚይዝ፣ ጥብቅ አድርጋ። ጋሽ ጓንጉል በሥራ ዘመኑ ምላጩን የያዘበት ሰው የለምና ደንግጦ ሳበው። እሷ አልለቀቀችም። ደግሞ ሳበው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ያለው ሥጋ ተከፈተ፤ ደሙ መጀመሪያ አመነታ፣ ቀጥሎ በአንድ ጊዜ መጣና የሳሮንን አፍ፣ አገጭ፣ የደረቷን ልብስ አለበሰው።

«ተቆረጠች?» አለች እትዬ ሸዋነሽ፣ በእንባዋ ማየት ተስኗት።

«የተቆረጠችውስ ሌላዋ ናት» አለ ጋሽ ጓንጉል።

እናቷ ከተንበረከከችበት ተነሳች። የቆንጅትን ሹሩባ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቡፌው ነዳቻት፤ ግንባሯ መስታወቱን ሲመታ ብርጭቆዎቹ በየተራ ወረዱ። ደገመቻት። ቆንጅት እጇን ለመከላከያ አላነሳችም፤ በግራ ክንዷ ሕፃኗን ከአጎዛው ላይ አፍሳ ደረቷ ላይ ለጥፋታለች። እናቷ ጀርባዋን በጡጫ፣ ጎኗን በጉልበት መታቻት፤ ሕፃኗ ያለችበትን ጎን ግን አልነካችም። እንዲህ በተናደደችበት ሰዓት እንኳ ጠንቃቃ ናት። ደከማትና አንዴ ቆመች።

ጋሽ ጓንጉል ምላጩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ወጡ ያረረበት ወጥ ሠሪ ይመስል ነበር። «ዛሬ አይሆንም ሸዋነሽ። የአዋቂ ደም ነው የጠጣው። ይቀበራል። ማክሰኞ» አለ። ጨርቁን እየጠቀለለ ሳለ የበሩን ብርሃን ሰው ጋረደው።

ኤልቤቴል ፈተናውን ሳትጨርስ ነበር የወጣችው። ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን አልፎ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብባት ግማሹን ባዶ ትታ አስረክባ መጣች። ሳሎኑን አየች፤ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ ማንኪያውን፣ አጎዛውን። ከዚያ መሬት ላይ ቡፌውን ተደግፋ የተቀመጠችውን ቆንጅትንና በጉያዋ አፏ በደም የተሞላ ልጇን። ጓዳው በር ላይ ተደግፎ የነበረውን ዘነዘና አነሳችና የቆንጅትን ትከሻ መታቻት። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው።

«አደራ አልኩሽ!» ደገመቻት፣ ክንዷ ላይ። «አደራ አልኩሽ እኮ! አደራ አልኩሽ!»

ጋሽ ጓንጉል ሰው በሚደበደብበት ቤት መውጫው በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ጨርቁን በብብቱ አድርጎ በኤልቤቴል ጀርባ ወጣ። እትዬ ሸዋነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ቆንጅት ልትናገር ፈለገች፤ ትንፋሽ አጣች። ኤልቤቴል ዘነዘናውን ጥላ ልጇን ነጠቀች፣ የስልኳን መብራት አበራች፣ ደሙን በእጅጌዋ ጠርጋ በጣቷ አፏን ከፈተች። ሳሮን ልትጮህ አፏን ይበልጥ ከፈተችላት። ከጉሮሮዋ በላይ፣ እንደ ጤዛ ጠብታ የምታህል፣ ቀይ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ተንጠልጥላ አለች። ኤልቤቴል ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ደሙ የማን ነው?»

«የእሷ ነው» አለች እትዬ ሸዋነሽ፣ ሌባ ጣቷን ወደ ልጇ ዘርግታ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «እሷ ናት ሰውየውን ጠርታ ያስገባችው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ደርሼ ነው ያስጣልኳት።»

ቆንጅት እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ዐይኗን አልሰበረችም። ኤልቤቴል ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። በዚህ ቤት አንድ ዓመት ከስድስት ወር ኖራለች፤ እትዬ ሸዋነሽ ስትመታ አይታለች፣ ስትዋሽ ግን አይታ አታውቅም። ቆንጅት ደግሞ ዝም ብላለች፤ ዝምታ ደግሞ የጥፋተኛ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች ኤልቤቴል፣ «ከእማማ በቀር ማንም ልጄን አይነካብኝ። ትምህርትም ስሄድ እማማ ናቸው የሚይዟት። አንቺ አጠገቧ እንዳትደርሺ!» ሕፃኗን ይዛ መጋረጃውን ጋረደችው። ጥቂት ቆይቶ የመጥባት ድምፅ ተሰማ።

እትዬ ሸዋነሽ ከጓዳ ሙቅ ውኃ፣ ማር፣ እርድና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጣች። ከልጇ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የተከፈተውን መዳፍ በሁለት እጇ አንስታ ወደ ራሷ አቀረበችው፣ እፍ እያለች አጠበችው፣ የብርጭቆ ስባሪ እንዳይኖርበት ዐይኗን አጥብባ አየች፣ ማሩን በእርዱ ለውሳ በትንሹ ጣቷ ሞላችው። እጇ እንዲህ ለስላሳ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። «አይዞሽ፣ መግል አይዝም» አለቻት። «ትከሻሽን ነገ በሌላ ወጌሻ እናሳየዋለን፤ ጓንጉል ተቀይሟል።» ጨርቁን መጠቅለል ጀመረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ከጆሮዋ አጠገብ፦ «ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አንቺ ሱቅ ትውያለሽ። እግሯን ሙሌ ይይዛል። ያቺም አሁን አምናኛለች፤ አንድዬ ሥራው ድንቅ ነው።»

ከመጋረጃው ማዶ ሳሮን ትጠባለች። ቆንጅት የጣሪያውን ቅጠሎች አየች፣ የእናቷን ሽበት አየች፣ ጨርቁ ላይ የሚሽከረከሩትን ጣቶቿን አየች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ እጅ ያልተቀበለችው ነገር የለም።

«ኤልቤቴል!» አለች። ድምፅዋ ወፍራም ሆኖ ወጣ። «ጓንጉልን የጠራችው እማዬ ናት። ማክሰኞ ተመልሶ ይመጣል፣ አንቺ ትምህርት ስትሄጂ። እግሯን የሚይዘው ሙሌ ነው። ሙሌ ጠዋትም ያውቅ ነበር።»

የመጥባቱ ድምፅ ቆመ። እትዬ ሸዋነሽ ቀና አላለችም። የጀመረችውን ዙር ጨረሰች፣ ጫፎቹን አቋለፈች፣ ደም እንዳይዝ ጣቷን አሾልካ መጥበቁን ለካች፣ የተረፈውን ጨርቅ በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ ቆንጅትን በጥፊ አጮለቻት።

መጋረጃው ተገለጠ። ኤልቤቴል ሕፃኗን አዝላ፣ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ነበር። የክትባት ካርዱ ከቦርሳው ኪስ ብቅ ብሏል። አማቷን አላየቻትም፤ ያየችው የቆንጅትን የተሰበረ ትከሻ ነው። «የገደብ መኪና አሁን ይገኛል?» አለች።

«ቶሎ ከሄድሽ» አለች ቆንጅት።

እትዬ ሸዋነሽ ቀድማ ከበሩ ደረሰች። ፊቷን ወደ ደጅ እንዳደረገች እጆቿን ከመቃን እስከ መቃን ዘረጋች። «የልጄን ልጅ አትወስጃትም! እንጥሏ ወርዶ መንገድ ላይ ትታነቃለች! በእጄ ነው የሞተው፣ በእጄ! ወልደዮሐንስን አላየሽውም አንቺ!» ስሙን ስትጠራ ቆንጅት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻት። ተነሳች። ደህናው ክንዷንና የታሰረውን እጇን በእናቷ ወገብ ዙሪያ አሳልፋ ከኋላ አቀፈቻትና ከበሩ ነቀለቻት። እናቷ ረገጠቻት፣ በክርኗ የተሰበረውን አጥንት ፈልጋ መታችው፣ ጎንበስ ብላ ክንዷን ነከሰቻት፤ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ገባ። ኤልቤቴል በአጠገባቸው ሮጣ አለፈች። ውጪ ባጃጅ ጠራች፣ ባጃጁ ቆመ፣ ተነሳ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

«ትሞትብናለች» አለች እናቷ፣ ነክሳ የያዘችውን ለቃ። ኃይሏ አልቆ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ በልጇ ደረት ላይ ወደቀ። «ቆንጂዬ፣ ትሞትብናለች እኮ።»

የባጃጁ ድምፅ ጠፋ። ቆንጅት ክንዷን አጠበቀች እንጂ አላላላችም።